ለስቴት ምክር ቤት ተወዳዳሪ ገንዘብ ልስጥ ወይ?

እህታችን ከአሌክሳንድሪያ፣ ለቨርጂኒያ የተወካዮች ምክር ቤት የምትወዳደር ሴት ቅዳሜ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ላይ እንደጠራችሽ ጽፈሻል። «ግሪን ካርድ ነው ያለኝ፣ መስጠት እችላለሁ? ኩባንያዎች ገንዘብ በሚያፈሱበት ቦታ የኔ 50 ዶላር ምን ይፈይዳል?» ነው ያልሽው።

ግሪን ካርድ ካለሽ መስጠት ትችያለሽ። መምረጥ ግን ዜግነት ይፈልጋል። በተማሪ ወይም በሥራ ቪዛ ያለ ሰው ለፌዴራልም ሆነ ለስቴት ምርጫ አንድ ሳንቲም መስጠት ክልክል ነው። አደራሽን፣ የሌላ ሰው ገንዘብ በስምሽ እንዳትሰጪ።

እኛ ቤት ለአንድ ተወዳዳሪ ቡና አፍልተን ሰው ጠርተን ነበር። አንድ ወንድማችን ከጓደኞቹ የሰበሰበውን ጥሬ ብር እንደ ለቅሶ መዋጮ በአንድ ፖስታ ይዞ መጣ። የዘመቻው ገንዘብ ያዥ አልቀበልም አለች። እያንዳንዱ ሰጪ የራሱን ቅጽ መሙላት አለበት፦ ስም፣ አድራሻ፣ ሥራ፣ አሠሪ። በድምሩ ከ100 ዶላር በላይ የሰጠ ሰው በስሙ ሪፖርት ይደረጋል፣ ማንም ያየዋል። ከግብር ነፃ የሆነ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ደግሞ ጭራሽ መስጠት አይችልም።

ቨርጂኒያ ለስቴት ምርጫ የመዋጮ ጣሪያ የላትም። ግለሰብም ኩባንያም የፈለገውን ያህል ይሰጣል። ፖቶማክን ተሻግረሽ ሜሪላንድ ከገባሽ ግን ጣሪያ አለ። የመብራት ኩባንያው ዶሚኒየን ኢነርጂ ለዓመታት ከትልልቆቹ ሰጪዎች አንዱ ነው፤ የመብራት ሂሳባችንን የሚነካውን ሕግ የሚያወጣውም ይኸው ምክር ቤት ነው። ይህን ለመገዳደር በ2018 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ክሊን ቨርጂኒያ የተባለ ቡድን ከዶሚኒየን ገንዘብ ለማይወስዱ ተወዳዳሪዎች ብዙ ይሰጣል። ዓላማውን እደግፋለሁ። ግን እሱም የባለሀብት ገንዘብ ነው። በትልቅ ቼክ ላይ ሌላ ትልቅ ቼክ መደራረብ መፍትሔ አይመስለኝም፤ ጣሪያው በሕግ ይምጣ ባይ ነኝ።

ታዲያ 50 ዶላርሽ? ይሠራል፣ በጊዜ ከደረሰ። ምክር ቤቱ 100 ወንበር አለው፤ አንዱ ወረዳ ወደ 86,000 ሰው ነው። በሰኔው የፓርቲ ቅድመ ምርጫ የሚወጣው ሕዝብ ጥቂት ነው፤ እኛ አካባቢ ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚያልቀውም እዚያ ነው። የዋሽንግተን ቴሌቪዥን ማስታወቂያ ውድ ስለሆነ፣ የኛ ሰፈር ተወዳዳሪ ገንዘቡን በፖስታ ለሚላክ ወረቀትና በር ለሚያንኳኩ ልጆች ያውለዋል። እዚያ ላይ 50 ዶላር ትታያለች። ወንበር ላይ ያሉት አባላት ደግሞ ከጥር ጀምሮ መደበኛው ጉባኤ እስኪዘጋ ድረስ መሰብሰብ ስለማይፈቀድላቸው፣ ለአዲስ ተወዳዳሪ ያ ጊዜ ወርቅ ነው።

ከመሄድሽ በፊት ቨርጂኒያ ፐብሊክ አክሰስ ፕሮጀክት ድረ ገጽ ላይ ስሟን ፈልጊ። ማን ስንት እንደሰጣት ታያለሽ። ያልገባሽ ስም ካለ ቅዳሜ እዚያው ፊት ለፊት ጠይቂያት፤ መልሷን ከሰማሽ በኋላ ቅጹን ሙዪ።