ሁለተኛ ፕሮሰሰር ልጨምር ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ የምሠራበት ዎርክስቴሽን ማዘርቦርዱ ሁለት የፕሮሰሰር ሶኬት አለው፤ የተገጠመለት ግን አንድ ዚዮን ኢ5-2680 ቪ4 ብቻ ነው። ራሙ አራት ባለ 8 ጊጋባይት፣ ሲስተሙ ዊንዶውስ 10 ፕሮ ነው። በብሌንደር (የሦስት አውታር ምስል መሥሪያ ፕሮግራም) ሬንደር አደርጋለሁ፣ ማለትም የሠራሁትን ሞዴል ወደ ምስል እለውጣለሁ፤ ቪዲዮም አቀናብራለሁ። ሌላውን ሶኬት ብሞላው ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል?

መልስ፦ ሬንደሩ ወደ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ቪዲዮው ላይ ግን ብዙ ለውጥ አይጠብቁ። ሁለተኛው ፕሮሰሰር የሚያመጣልዎት ተጨማሪ 14 ኮር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ስሌቱን የሚሠራው ክፍል) ነው እንጂ የፈጠነ ኮር አይደለም። ፕሮግራሙ ሥራውን ቆራርሶ ለሁሉም ማደል ካልቻለ አዲሶቹ ኮሮች እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ።

ደግነቱ ሳይገዙ መለካት ይችላሉ፤ ዘዴው አሁን ያሉትን ኮሮች በግማሽ መቀነስ ነው። አንድ የተለመደ ሥራዎን በሙሉ አቅም ያሂዱና ሰዓቱን ይያዙ። ከዚያ ታስክ ማኔጀርን ከፍተው ዲቴይልስ ውስጥ ይግቡ፤ ብሌንደር ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገው ሴት አፊኒቲን (ፕሮግራሙ በየትኞቹ ኮሮች እንደሚሠራ የሚወስነውን) ይምረጡ። ከ0 እስከ 27 ድረስ 28 ሳጥኖች ያያሉ፤ ሃይፐርትሬዲንግ እያንዳንዱን ኮር ሁለት አድርጎ ስለሚያሳይ ነው። ከ0 እስከ 13 ያሉትን ብቻ ምልክት አድርገው ሌላውን ያጥፉ። ይህ 7 ኮር ነው። ያንኑ ሥራ እንደገና ያሂዱ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ አፊኒቲውን ትቶ ብሌንደር ውስጥ የትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄዱ የሥራ ክሮች) ቁጥሩን 14 ያደርጋል። እንዲህ ሲሆን ዊንዶውስ 14ቱን ትሬዶች ለ14ቱም ኮሮች ያድላቸዋል፤ የተለካው ግማሽ ማሽን አይደለም።

አሁን ሒሳቡ። በ7 ኮር 60 ደቂቃ፣ በ14 ኮር 35 ደቂቃ ፈጀ እንበል። 25 ደቂቃ ቀንሷል፤ የሚከፋፈለው ሥራ የዚያ እጥፍ፣ ማለትም 50 ደቂቃ ነው። የቀረው 10 ደቂቃ የማይከፋፈል ነው። በ28 ኮር 50ው ለአራት ይካፈልና 12.5 ይሆናል፤ 10 ሲደመር 22.5 ደቂቃ። ይህ ያዋጣል። ከ60 ወደ 50 ብቻ ከወረደ ግን የሚከፋፈለው 20 ደቂቃ ብቻ ነው፤ በ28 ኮርም 45 ደቂቃ ይፈጃል። ለአምስት ደቂቃ ብለው ማሽን አይፍቱ። በዚህ ጊዜ ገንዘቡን ለግራፊክስ ካርድ ወይም ኮሩ ፈጣን ለሆነ አዲስ ባለ አንድ ሶኬት ማሽን ያውሉት፤ የእርስዎ ፕሮሰሰር በቱርቦ (ፍጥነቱን ለጊዜው ከፍ ሲያደርግ) እንኳ ከ3.3 ጊጋኸርዝ አያልፍም። ጌምና ፎቶሾፕም ከሁለተኛ ሶኬት የሚያገኙት ነገር እምብዛም ነው።

መለኪያው «ግዛ» ካለዎት ትልቁ ጉዳይ ራሙ ነው። እያንዳንዱ ፕሮሰሰር የራሱ አራት የሜሞሪ ቻናል (ከራም ጋር የሚገናኝበት መስመር) አለው፤ በዲዲአር4-2400 አራቱም ሲሞሉ በሰከንድ 76.8 ጊጋባይት ያነባል። ያሉትን አራት ራሞች ሁለት ሁለት አድርገው ቢያካፍሉ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 38.4 ብቻ ነው። ሁለተኛውን ያለ ራም መተው ደግሞ ይብሳል፤ የሚያነበውን ሁሉ ከጎረቤቱ በማገናኛ መስመር አሻግሮ ያመጣል፣ ያም ይዘገያል። ስለዚህ ተመሳሳይ አራት ራም ይጨምሩ። ሬጅስተርድ (ሲግናሉን የሚያስተላልፍ ተጨማሪ ቺፕ ያለው ራም) የሆነውን ካልሆነው ጋር አይቀላቅሉ።

ፕሮሰሰሩ ያው ሞዴል ይሁን፤ ክዳኑ ላይ በኤስአር የሚጀምረው ኮድም ከነባሩ ጋር ይመሳሰል። ማቀዝቀዣውን አይርሱ። እንደ ኤችፒ ዜድ640 ባሉት ላይ ሁለተኛው ፕሮሰሰር በተለየ ቦርድ ላይ ስለሚቀመጥ ያንንም መግዛት ግድ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ተጨማሪ 120 ዋት መሸከም አለበት። የተለመደ ፓወር ሰፕላይ ከሆነ ለፕሮሰሰር የተሠራ ሁለተኛ ባለ 8 ፒን ገመድ ይፈልጉ፤ የግራፊክስ ካርዱን ባለ 8 ፒን በግድ አይሰኩ። የ12 ቮልቱና የግራውንዱ ረድፍ የተገላበጠ ስለሆነ ሾርት ያደርጋል።

ባዮስ (ማሽኑ ሲነሣ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ኖድ ኢንተርሊቪንግ (የሁለቱን ፕሮሰሰሮች ራም አቀላቅሎ የሚያሳይ) የሚል ካለ ያጥፉት፤ ዊንዶውስ የትኛው ራም ለየትኛው ፕሮሰሰር ቅርብ እንደሆነ እንዲያውቅ ነው። ፕሮ መሆኑ በጀ እንጂ የሆም ዕትም ሁለተኛውን ሶኬት አይጠቀምበትም።

ሲጨርሱ ታስክ ማኔጀር ላይ የሶኬት ቁጥር 2 ማለት አለበት። ሶኬቱ 2 ብሎ አንድ ራም ከጠፋ መጀመሪያ ራሙን አውጥተው ከሌላው ጋር ያቀያይሩ። ጉድለቱ ራሙን ተከትሎ ከሄደ ራሙ ነው የሞተው። እዚያው ቦታ ከቀረ ግን ፕሮሰሰሩን አንሥተው ሶኬቱን በጎን በባትሪ ያብሩበት፤ የተጣመመች አንዲት ፒን ከሌሎቹ በተለየ ታንጸባርቃለች።