ጥያቄና መልስ፦ አምስት ጣት ያላት ጫጩት

ለገጣፎና ሰንዳፋ አካባቢ ዶሮ የምታረቡ፣ እንቁላል ውስጥ አካል እንዴት እንደሚሠራ ጠይቁኝ። ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ ቤቴም በማሽን አስፈለፍላለሁ። ስለ ክትባት የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ።

— መምህር፣ የጫጩት ልብ መቼ ይመታል?

በሁለተኛው ቀን። በአራተኛው ቀን ማታ በባትሪ ብታዩት ቀይ ነጥብና እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ደም ስር አለ። ቶሎ መልሱት፤ እንቁላሉን አታቀዝቅዙ።

— ልብ የሚሠራው ጂን የትኛው ነው?

አንድ ጂን ብቻውን አካል አይሠራም። ኤንኬኤክስ 2-5 ከዋናዎቹ አንዱ ነው፣ ሌሎችን ያዛል።

— ሰንዳፋ ነኝ። አንዷ ጫጩቴ አምስት ጣት አላት። ማሽኑ ይሆን ያበላሻት?

እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! ትርፏ ከኋላኛዋ ጣት ጎን አይደል የበቀለችው? በሦስተኛው ቀን የእግር እምቡጥ ብቅ ይላል። በአንዱ ጠርዙ ያሉ ሴሎች ሶኒክ ሄጅሆግ የሚባለውን ጂን ያበራሉ። የሚያወጣው ፕሮቲን ቅርብ ላሉት ብዙ፣ ራቅ ላሉት ጥቂት ይደርሳል፤ የትኛዋ ጣት የት እንደምትወጣ የሚወሰነው በዚህ ነው። ጂኑ በሁሉም ሴል ውስጥ አለ፣ ቁም ነገሩ የት እንደሚበራ ነው። ጂኑን እግር ላይ የሚያበራው የዲኤንኤ ቁራጭ፣ ማብሪያው እንበለው፣ ከጂኑ ርቆ ነው የተቀመጠው፤ በሰውና በአይጥ 1 ሚሊዮን ያህል የዲኤንኤ ፊደል ይርቃል። ሲልኪ በሚባለው ባለ አምስት ጣት ዝርያ ማብሪያው ላይ አንዲት ፊደል ተለውጣለች፤ ስለዚህ ጂኑ በተቃራኒው ጠርዝም ይበራል፣ ትርፍ ጣት ይበቅላል። ጂኑ ራሱ ቢበላሽ ኖሮ አንጎልና ፊትም አይተርፉም ነበር። ማሽንሽን አትውቀሺ፤ ለውጡ ከወላጅ የሚወረስ ነውና የአውራውንና የእናቲቱን ጣት ቁጠሪ።

— እኔስ እናቴ አምሮቷን አጥታ ነው እጄ ላይ ምልክት የወጣው።

— እትዬ፣ እሱ እኮ ወሬ ነው።

— ወሬ አይደለም ልጄ፣ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል!

አምሮቱን ተዉትና ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቫይታሚን ያዙ። የሰው ጽንስ የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ቱቦ ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ይዘጋል፤ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን እንኳ ገና አላወቁም። ፎሊክ አሲድ ቱቦው በደንብ እንዲዘጋ ይረዳል፤ ስለዚህ በቀን 400 ማይክሮግራም የሚጀመረው ከእርግዝና በፊት ነው። ጤና ጣቢያ ጠይቁ።

— ስለ ጂን ቢያብራሩልን?

ስለ ምኑ? ለይተህ ጠይቅ።

— ታዲያ የልብ ጂን አንድ ነው ማለት ነው?

ከላይ መልሻለሁ። አንድ ጂን ብቻውን አካል አይሠራም!

— መምህር፣ የሰንዳፋዋ ነኝ። አውራው አምስት ጣት አለው፤ ገና ዛሬ ቆጠርኩት።

በይ የቀሩትን ጫጩቶች እግር አንድ በአንድ ቁጠሪና ስንቱ ባለ አምስት እንደሆነ ጻፊልኝ። ማሽን ውስጥ ያለውንም አታቀዝቅዢው።