በገጠር ማዋለጃና የእናቶች ማቆያ ስለ ማሠራት፦ ጥያቄና መልስ

አዋላጅ ነርስ ነኝ። በገጠር ጤና ጣቢያዎች ማዋለጃና የእናቶች ማቆያ (መውለጃቸው የተቃረበ እናቶች የሚያርፉበት ቤት) ከሚያሠሩ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ጋር ለዓመታት ሠርቻለሁ። የቀረቡልኝን ጥያቄዎች በየተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የአንድ ወረዳ ተወላጆች ተሰባስበን በትውልድ ቀበሌያችን ማዋለጃ ለማሠራት ገንዘብ እያዋጣን ነው። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጀምሩ። በአገራችን አሠራር አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000፣ የገጠር ጤና ጣቢያ ደግሞ ከ15,000 እስከ 25,000 ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቦ የተዘረጋ በመሆኑ፣ አዲስ ቤት ከማቆማችሁ በፊት ያለው ጤና ጣቢያ ምን እንደጎደለው ማየት ይቀድማል። ብዙ ጊዜ ያገኘሁት ጉድለት ውኃ ነው። ግንባታው ሲያልቅ የአዋላጆቹን ደመወዝ፣ የመድኃኒቱንና የጥገናውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን የተፈረመ ስምምነት ሳይኖር የመሠረት ድንጋይ አታስቀምጡ። ተመርቆ ባለሙያ ሳይመደብለት ተቆልፎ የከረመ፣ በረንዳው የፍየሎች መጠለያ የሆነ አዲስ ማዋለጃ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሳስታውሰው ዛሬም ያመኛል።

ጥያቄ፦ ጤና ጣቢያው በእግር አራት ሰዓት ያስኬዳል። ለምን ጤና ኬላው ላይ አናሠራም?

መልስ፦ ርቀቱ ስንት እናት እንደቀጠፈ ስለማውቅ ጥያቄው ይገባኛል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየጤና ኬላው የተመደቡት እህቶቻችን ዋና ሥራቸው በሽታን መከላከልና ማስተማር ነው። አንዲት እናት ወልዳ ደም ሲፈስሳት ወዲያውኑ ደም የሚያቆመውን ኦክሲቶሲን የተባለ መድኃኒት የሚወጋ፣ አልወጣ ያለውን የእንግዴ ልጅ በእጁ የሚያወጣ፣ በደም ግፊት ምክንያት ለምትንቀጠቀጥ እናት ማግኒዥየም ሰልፌት የተባለውን መድኃኒት የሚሰጥ፣ ሳይተነፍስ የተወለደውን ሕፃን በመጀመሪያዋ ደቂቃ በአምቡ ባግ (በእጅ በሚጨመቅ የማስተንፈሻ ከረጢት) የሚያስተነፍስ የሠለጠነ ባለሙያ ሌት ተቀን መገኘት አለበት። ይህን በየቀበሌው ማሟላት ስለሚከብድ፣ እናትየዋን ምጥ ሳይጀምራት ወደ ጤና ጣቢያው ማቅረብ ይሻላል። የእናቶች ማቆያ የሚሠራው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ በእኛ አካባቢ ማቆያ ተሠርቶ ነበር፤ የሚያርፍበት ግን የለም። ምን ጎደለው?

መልስ፦ ማቆያ ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ በጉራጌ የሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የመውለጃ ጊዜያቸው የተቃረበና የሚያሰጋ ሁኔታ ያለባቸውን እናቶች በግቢው ሲያሳርፍ ኖሯል። የእናንተው ለምን ባዶ እንደሆነ እናቶቹን ጠይቁ። እኔ በሄድኩበት ሁሉ የሰማሁት ተቀራራቢ ነው፦ «ልጆቼን ለማን ጥዬ?»፣ «ስንቅ ከየት አምጥቼ?»፣ «ብቻዬን እንዴት አድራለሁ?»። አልጋ የተደረደረበት ባዶ ክፍል ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የለውም።

እናቶች ሞልተው ባየሁት አንድ ማቆያ ከሁሉ አስቀድሞ የተሠራው ማድ ቤቱ ነበር። እህሉን የየቀበሌው ሕዝብ በመኸር ወቅት ያዋጣል፤ ምጣዱም ጀበናውም ከየቤቱ የመጣ ነው። ጠዋት ስገባ አንዲት የደረሰች እርጉዝ ገንፎ ታማስላለች፣ አማቷ እሳቱን ታነዳለች፣ የሁለት ዓመት ልጇ ደግሞ ቀሚሷን ይዞ ቆሟል። አዋላጇ እዚያው ማድ ቤት በርጩማ ላይ ተቀምጣ የደም ግፊታቸውን ትለካለች። አብሮ የሚያድር ሰውና ትንሽ ልጅ ይዞ መምጣት እስካልተፈቀደ ድረስ፣ የግድግዳው ውበት ማንንም አያሳድርም።

ጥያቄ፦ የማዋለጃ ክፍሉን ስናሠራ መሐንዲሱ ሊዘነጋው የሚችለው ነገር ምንድን ነው?

መልስ፦ በሩን። በቃሬዛ የመጣች እናት ተሸካሚዎቿ ሳያዘነብሏት መግባት አለባት። ከዚያ አልጋው እግሩ ወደ በሩ እንዳይዞር አድርጉ፤ መጋረጃም ይኑር፤ በር በተከፈተ ቁጥር የምትጋለጥ እናት ሁለተኛ አትመጣም። የእንግዴ ልጅ መጣያ ጉድጓድ ክዳን ያለው ሆኖ ከውኃ ጉድጓድ ይራቅ። በክፍሉ ውስጥ እጅ መታጠቢያ፣ ከክፍሉ አጠገብ መጸዳጃና ገላ መታጠቢያ ያስፈልጋል። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ካልተቀመጠ ኃይሉን ያጣል፤ ስለዚህ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ማቀዝቀዣና ለሌሊት የሚበቃ መብራት ከቀለሙና ከኮርኒሱ በፊት ይገዙ።

ጥያቄ፦ ከውጭ አገር ያገለገሉ የሕክምና መሣሪያዎች እንቀበል?

መልስ፦ መለዋወጫውና ጠጋኙ በአገር ውስጥ ከሌለ አትቀበሉ።

ጥያቄ፦ የልምድ አዋላጆችስ ቀሩ ማለት ነው?

መልስ፦ እናትየዋ የምታምነው እሳቸውን ስለሆነ አታግልሏቸው። ይዘዋት ይምጡ፣ ራስጌዋ ተቀምጠው እጇን ይያዙ፣ ወገቧን ይሹ፤ ማዋለዱን ለአዋላጇ ይተዉላት። ይህ በተፈቀደበት ጤና ጣቢያ የሚመጣው እናት ሲበዛ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ፊስቱላን በዚህ መከላከል ይቻላል?

መልስ፦ አዎ። ፊስቱላ፣ ማለትም ሽንት ወይም ሰገራ ያለ ፈቃድ የሚፈስበት ቀዳዳ፣ በአብዛኛው የሚመጣው ምጥ ተሰናክሎ ለቀናት ሲቆይ የሕፃኑ ጭንቅላት የእናቲቱን አካል ተጭኖ ስለሚጎዳ ነው። ጊዜውን ጠብቆ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል መላክ ያድናታል። እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አገራችን የመጡት ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን የመሠረቱት ተቋም ፊስቱላን እየጠገነ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የአዋላጆች ኮሌጅ መክፈቱ የችግሩ ምንጭ የት እንደሆነ ያሳያል። ስለዚህ በበጀታችሁ ላይ የአምቡላንስ ነዳጅና የስልክ ካርድ አይረሳ።

ጥያቄ፦ ገንዘባችን ፍሬ ማፍራቱን በምን እናውቃለን?

መልስ፦ በአገር ደረጃ ለውጥ አለ። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር የሚሞቱ እናቶች 871 ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 412 ወርዷል። በጤና ተቋም የሚወለዱት ሕፃናትም እ.ኤ.አ. በ2016 ከመቶ 26፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ከመቶ 48 ነበሩ። በአንድ ጤና ጣቢያ ግን ሞት በጣት የሚቆጠር ስለሚሆን በእሱ ብቻ መመዘን ያሳስታል። እኔ የምከፍተው የማዋለጃ መዝገቡን ነው፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስንት እናት መጣች? ከሩቁ ቀበሌ የመጡት ስንቶቹ ናቸው? ወደ ሆስፒታል ከተላኩት መካከል መድረሳቸው የተረጋገጠው ስንቶቹ ናቸው? የመጨረሻው ዓምድ ባዶ ከሆነ፣ የሚቀጥለውን ብር ለዚያ አውሉት።