የጭንቅላት ጨዋታ ወይስ ባዶ ወረቀት?

ጥያቄ፦ ልጄ 11ኛ ክፍል ነው። «የማስታወስ ችሎታን ያሳድጋል» የተባለ የስልክ ጨዋታ በየወሩ እየከፈልኩለት በቀን 1 ሰዓት ይጫወታል። የጨዋታው ነጥብ ወደ ላይ ይወጣል፤ የክፍል ውጤቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ልቀጥል ወይስ ላቁም? (እናት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ክፍያውን ያቁሙ። ሰዓቱን ግን አይልቀቁት፤ ለምን እንደሚውል ከታች ለደብረ ብርሃኗ ጠያቂ በሰጠነው መልስ ያገኙታል።

ነጥቡ መጨመሩ የውሸት አይደለም። ልጅዎ ጨዋታውን ተክኖበታል፤ ችግሩ የተካነው ያንኑ ጨዋታ ብቻ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። አንድ የኮሌጅ ተማሪ በቀን 1 ሰዓት ያህል፣ በሳምንት ከ3 እስከ 5 ቀን፣ ቁጥሮች እየተነበቡለት በቅደም ተከተል እንዲደግም ተደረገ። ሲጀምር እንደ አብዛኛው ሰው 7 አኃዝ ነበር የሚይዘው። ከዓመት ከመንፈቅ በላይ ከለፋ በኋላ 79 ደረሰ። በቁጥር ፈንታ ፊደላት ሲነበቡለት ግን ተመልሶ 6 ላይ ወረደ። ተማሪው ሯጭ ስለነበር ቁጥሮቹን በሩጫ ሰዓት ነበር የሚቋጥራቸው፤ 3492 ለእሱ 3 ደቂቃ ከ49.2 ሰከንድ፣ የአንድ ማይል ሩጫ ሰዓት ነው። ፊደል ደግሞ በሩጫ ሰዓት አይቋጠርም። የበረታው ቁጥር የሚቋጥርበት ዘዴ እንጂ የማስታወስ አቅሙ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2010 እንግሊዝ ውስጥ ከ11 ሺህ በላይ ሰዎች ለ6 ሳምንት እንዲህ ያሉ ልምምዶችን ሠርተው የተገኘውም ያው ነው፦ በተለማመዱት ተሻሻሉ፣ ባልተለማመዱት ፈተና ግን የረባ ለውጥ አልታየም። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የ«ሉሞሲቲ» ጨዋታ ባለቤት የሆነው ድርጅት፣ ማስታወቂያው በቂ ማስረጃ የለውም ተብሎ በአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በመከሰሱ 2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ለመዝናናት ከሆነ ይጫወት፤ ከገበጣ የባሰ ክፋት የለውም።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነኝ። ባዮሎጂን አራት ጊዜ ደግሜ አነባለሁ፣ በቢጫ አሰምርበታለሁ። ሳነበው ሁሉንም የማውቀው ይመስለኛል፤ ፈተና ላይ ስቀመጥ ግን ባዶ ይሆንብኛል። (እህታችሁ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ «የማውቀው ይመስለኛል» ያልሽው ላይ ነው ነገሩ ያለው። ለአራተኛ ጊዜ ስታነቢ ዓይንሽ ገጹን ስለለመደው ንባቡ ይቀልሻል፤ መቅለሉን ከማወቅ ትቆጥሪዋለሽ። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት አንድ ጽሑፍ ካነበቡ ተማሪዎች ከፊሉ ደግመው አነበቡት፣ ከፊሉ ደግሞ ሳያዩ የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በልጠው ተገኙ። ከሳምንት በኋላ ግን እነሱ 42 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ ሳያዩ የጻፉት 56 በመቶ አስታወሱ። ሽምደዳ ለነገ ጠዋት የሚሠራ የሚመስለው ለዚህ ነው። የአብነት ተማሪ ይህ አይገርመውም፤ ማታ በጨለማ የቃል ትምህርቱን ሲል የሚያየው መጽሐፍ የለውም።

አንድ ንዑስ ርዕስ፣ 2 ወይም 3 ገጽ፣ አንድ ጊዜ አንብቢ። መጽሐፉን ዝጊና ባዶ ወረቀት ላይ ለ5 ደቂቃ የመጣልሽን ሁሉ ጻፊ፤ ሥዕል ካለው ሣዪው። ከዚያ መጽሐፉን ከፍተሽ የሳትሽውን በቀይ አርሚ። ወደ ካርድ የሚሄደው ቀዩ ብቻ ነው። አንድ ኤ4 ወረቀት ለ8 ቁረጪ፤ በፊቱ አንድ ጥያቄ፣ በጀርባው መልሱ። አምስት ፖስታ አዘጋጂ፦ 1ኛውን በየቀኑ፣ 2ኛውን በ3 ቀን፣ 3ኛውን በሳምንት፣ 4ኛውን በ2 ሳምንት፣ 5ኛውን በወር አንዴ ትከፍቻለሽ። የመለስሽው ካርድ ወደ ቀጣዩ ፖስታ ያልፋል፤ የሳትሽው ከየትኛውም ይሁን ወደ 1ኛው ይመለሳል።

ብዙዎች የሚሰናከሉት አንድ ካርድ ላይ ምዕራፉን በሙሉ በማጨቅ ነው። «ፎቶሲንተሲስን አብራሪ» ካርድ አይደለም፤ ግማሹን መልሰሽ ለራስሽ ሙሉ ነጥብ ትሰጫለሽ። «የፎቶሲንተሲስ የብርሃን ደረጃ በየትኛው የክሎሮፕላስት ክፍል ይካሄዳል?» ሲሆን ግን መልሱ አንድ ነው፦ ታይላኮይድ። ሌላው ጥድፊያ ነው። መልሱ ምላስሽ ጫፍ ላይ ሲሆን ቶሎ አትገልብጪ፤ 10 ሰከንድ ታገዪው፣ ጠቃሚው እሱ ትግል ነው። በቀን ከ15 በላይ አዲስ ካርድም አትጨምሪ፤ በሁለተኛው ሳምንት ክምሩ ያስጠላሽና ትተዪዋለሽ።

ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ካርዱን በእንግሊዝኛ ጻፊ፣ ማብራሪያውን ግን ድምፅሽን አውጥተሽ በአማርኛ ተናገሪ። በአማርኛ ማስረዳት ያቃተሽ ነገር የተሸመደደ እንጂ የገባሽ አይደለም።

ለሒሳብ ካርዱ ለቀመር ብቻ ይሁን። የአንድ ምዕራፍ መልመጃ ስትሠሪ የትኛው ዘዴ እንደሚያስፈልግ ርዕሱ አስቀድሞ ነግሮሻል፤ ፈተና ግን አይነግርሽም። ከ4 ምዕራፍ 3፣ 3 ጥያቄ ወስደሽ 12ቱን አደበላልቂ። መጀመሪያ ላይ ስሕተትሽ ይበዛል፤ አትደንግጪ።

ጥያቄ፦ ለፈተና ሰሞን ጫትና ቡና ይዤ ሌሊቱን ብዘልቀውስ? (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከጅማ)

መልስ፦ ነቅተህ ታድራለህ፤ የተማርከው ግን ሥር የሚይዘው ስትተኛ ነው። ምርቃናው ሲበርድ የሚመጣው ድባቴ ደግሞ ፈተናው ላይ ሊገጥምህ ይችላል። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅበት፣ ከቀኑ 10 ሰዓት የጠጣኸው ቡና ከምሽቱ 3 ሰዓትም ግማሹ አብሮህ ነው። ቡናህን እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ጨርስ፤ ካርዶችህን ከመተኛትህ በፊት 20 ደቂቃ እይ፣ ጠዋት ደግሞ የሳትካቸውን ብቻ ድገም።