የመጨረሻው ሺህ ኪሎ ሜትር

ውድ ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ በፊዚዮቴራፒ ሙያ የረጅም ርቀት ሯጮችን እግር ሳሽና ሳክም ኖሬአለሁ። ካየሁት ሁሉ ስለ አንድ ነገር ብቻ ልጽፍላችሁ ፈለግሁ፤ ዓለምን በሩጫ የሚዞር ሰው መድረሻው ሲቃረብ ምን እንደሚገጥመው። እንዴት እንደሚጀመር የሚመክር ሞልቷል። እኔ ሯጭ ሲጎዳ ያየሁት ግን በአብዛኛው «አሁንማ ደረስኩ» ባለ ሰሞን ነው።

የነገሩን ልክ እንድታውቁት፣ ዓለምን በእግሩ ዞረ ለመባል ብዙዎቹ ሯጮች የሚይዙት ዝቅተኛ ርቀት 26,232 ኪሎ ሜትር ነው። ዴንማርካዊው ጄስፐር ኦልሰን እ.ኤ.አ. በ2004 ጀምሮ በ2005 ጨረሰው። አውስትራሊያዊው ቶም ዴኒስ በ2013 በ622 ቀን፣ እንግሊዛዊው ኬቨን ካር በ2015 በ621 ቀን ፈጸሙት። 26,232ን ለ622 አካፍሉት፤ 42 ኪሎ ሜትር ከትንሽ ይወጣል። በየቀኑ አንድ ማራቶን ማለት ነው፣ ለአንድ ዓመት ከስምንት ወር።

ዴኒስንና ካርን የለያቸው አንድ ቀን ነው። ወጣት ሯጮች ይህን ሲሰሙ «መጨረሻ ላይ ጨከን ማለት ነው» ይሉኛል። አይደለም ልጆቼ። ከስድስት መቶ ቀን ውስጥ አንድ ቀን የትም ይገኛል፤ በጊዜ ከተጠገነ የዕቃ ጋሪ፣ በሰዓቱ ከተበላ ምሳ፣ ካልተሸራረፈ እንቅልፍ። በመጨረሻው ሳምንት ከደከመ አካል ላይ ልቀማው ያለ ግን ሲሰበር አይቻለሁ።

ምክንያቱ አጥንት ውስጥ ነው። አጥንት ድንጋይ አይደለም፤ ሕያው ነው። ጫና ሲበዛበት የደከመውን ክፍል ያፈርስና በቦታው አዲስ ይገነባል። ማፍረሱ ይፈጥናል፣ መገንባቱ ሳምንታት ይወስዳል። በመሐል አጥንቱ ከወትሮው የሳሳበት ጊዜ አለ። ለወራት በየቀኑ 42 ኪሎ ሜትር የለመደ እግር ከጫናው ጋር ተስማምቶ ይኖራል። ሯጩ ግን መድረሻው ሲሸተው 42ቱን 60 ያደርጋል፣ የዕረፍት ቀኑን ይሰርዛል፤ አፍራሹ ግንበኛውን ጥሎት ይሄዳል። መጀመሪያ በጣት የምትሸፈን አንዲት ቦታ ላይ ሕመም ይሰማል። የጡንቻ ሕመም ሰፋ ብሎ ይንሰራፋል፣ ሰውነት ሲሞቅ ይለቃል። የአጥንት ስንጥቅ ግን አንድ ነጥብ ላይ ይቆማል፣ እየሮጡ ሲሄዱ ይብሳል፣ እየቆየም ሌሊት መቀስቀስ ይጀምራል። ይህን ልዩነት ከያዛችሁልኝ ደብዳቤዬ ሥራውን ሠርቷል።

ሌላው ምግብ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 42 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ወደ 3,000 ካሎሪ ያወጣል፤ ይህ ለሩጫው ብቻ ነው። በ2019 የታተመ አንድ ጥናት አሜሪካን በሩጫ ያቋረጡ ሰዎችን ተከታትሎ፣ ሰውነት ለወራት ሊዘልቅበት የሚችለው የኃይል ወጪ በዕረፍት ላይ ከሚያወጣው ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ከዚያ በላይ የሚወጣው ከራስ ሥጋ ተቆርጦ ነው። ስለዚህ በመጨረሻው ወር ላይ ያለ ሯጭ ፊቱ ቢፈካም ጎተራው ተራቁቷል፤ ተጨማሪ የሚጠየቅበት ሰዓት አይደለም።

ሮዚ ስዌል ፖፕን አስታውሱ። ባለቤቷን በካንሰር ካጣች በኋላ በ57ኛ ልደቷ ቀን፣ በ2003፣ ከዌልስ ከተማ ከቴንቢ ተነሣች። ሳይቤሪያን አቋርጣ፣ የምትተኛበትን ጋሪ እየጎተተች 1,789 ቀን ተጓዘች። በነሐሴ 2008 ቴንቢ የገባችው በክራንች ተደግፋ ነው፤ የእግር አጥንት ስንጥቅ ያገኛት ቤቷ ሲቃረብ ነበር። ለእኔ የእሷ ትልቅነት ቀስ ብላ፣ በክራንችም ቢሆን ለመግባት አለማፈሯ ነው።

የራሴን ጥፋትም ልንገራችሁ። አብሬው እጓዝ የነበረ አንድ ሯጭ ለመድረስ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር። የሚደርስበት ቀን ከወር በፊት ታውጇል፤ ቤተሰቡ ቲኬት ቆርጧል፣ ካሜራው ተዘጋጅቷል። ማታ መኪናው ኋላ ላይ አስቀምጬ ቅልጥሙን በአውራ ጣቴ ከላይ ወደ ታች እየተጫንኩ ወረድኩ። አንድ ቦታ ስደርስ አልጮኸም። ትንፋሹን ዋጠና ወደ ጣሪያው ቀና አለ። እጄ ያገኘውን አውቆታል፤ አፌ ግን «ጠዋት እናየዋለን» አለ። ያችን ቀን ማበላሸት ከበደኝ። በማግስቱ 17ኛው ኪሎ ሜትር ላይ መንገዱ ዳር ቁጭ አለ፤ መቆም አልቻለም።

ስለዚህ ቀን አታውጁ። «በዚህ ወር እንደርሳለን» በሉ፣ ከዚያ አትለፉ። ለወዳጅ ዘመድ ቀን መስጠት ግድ ከሆነም ዕረፍት ያለበትን፣ ረዘም ያለውን ስጡ፤ ቀድሞ መድረስ ማንንም አያስከፋም። የቀረውን ኪሎ ሜትር በየሰዓቱ መቁጠርም ይቅርባችሁ። በመሐል አህጉር እያላችሁ እንዴት ትውሉ ነበር? ጫማ መቼ ትቀይሩ ነበር? መኪና ፊት ለፊት እያያችሁ ትሮጡ አልነበር? ያንኑ ቀጥሉ። አንዳንዶች «ለጥቂት ቀን ምን አለው» ብለው ያለቀ ጫማ እያደረጉ ይጨርሳሉ። እኔ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት አዲስ ጥንድ ጫማ ይገባቸዋል ባይ ነኝ፤ አስቀድሞ ለጥቂት ቀን የተሟሸ።

ስለ ማግስቱም አስቡ። ለሁለት ዓመት ያህል ጠዋት ከእንቅልፍ የምትነሡበት ምክንያት አንድ ነበር። በአንድ ከሰዓት በኋላ ያበቃል። ከደስታው በኋላ ባዶነት ሲመጣባቸው «ምን ጎደለብኝ» ብለው የሚያፍሩ ብዙ አይቻለሁ። የሚያሳፍር ነገር የለውም። ሰውነትም እንዲሁ በአንድ ቀን ማቆም አይወድም፤ ለሳምንታት ርቀቱን እየቀነሳችሁ፣ ምግቡንም አብራችሁ እየቀነሳችሁ ውረዱ። እንቅልፍ እምቢ ካለ፣ ጨለማው ካልለቀቀ ደግሞ እንደ አጥንት ሕመም ቆጥራችሁ ሐኪም ፊት ቅረቡ።

ያ ሯጭ ሁለት ወር አርፎ ከተቀመጠባት ቦታ ተነሣና ጨረሰ። ካሜራ አልነበረም። እናቱና እኅቱ፣ እኔና ሾፌሩ ብቻ ነበርን። የተነሣበትን ምሰሶ በመዳፉ ነክቶ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ዞር ብሎ እንደ ልማዱ «ነገ በስንት ሰዓት እንነሣ?» አለኝ።

«በአሥራ ሁለት፣» አልኩት። «ስምንት ኪሎ ሜትር፣ በእርምጃ። እኔም አብሬህ እሄዳለሁ።»