ተላጭቼ ቃለ መጠይቅ ብገባ ሥራ ያሳጣኛል ወይ ላልከው ወንድሜ

ጥያቄውን ላላያችሁት ባጭሩ፦ ልጁ 26 ዓመቱ ነው፤ በአካውንቲንግ ተመርቋል፤ የሚኖረው እዚሁ ጅማ ነው። ፀጉሩ ከፊት እየሸሸ፣ አናቱ ላይም እየሳሳ ስለሄደ ጨርሶ ሊላጨው አስቧል። እናቱ ግን «እስረኛ መስለህ ማን ይቀጥርሃል?» ብለውታል። ሰሞኑን የባንክ ፈተናና ቃለ መጠይቅ ይጠብቀዋል። ከሥር አንዲት እህት «ለሴትስ?» ብላለች፤ ወደ እሷም እመጣለሁ።

የምሠራው በአንድ የግል ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ነው። ጠያቂ ሆኜ ብዙ ሰው ሲገባና ሲወጣ አይቻለሁ፤ ራሴም ሠላሳ ሳይሞላኝ ጀምሬ የምላጭ ሰው ነኝ።

ተላጨው። ስለተላጨ ብቻ ሥራ የተከለከለ ወንድ እስካሁን አላጋጠመኝም። የሳሳ ፀጉሩን ለመደበቅ ሲታገል ቃለ መጠይቁ የተበላሸበት ግን አውቃለሁ። አንዴ ለሒሳብ ሠራተኛነት የቀረበ ልጅ ነበር። ከጆሮው በላይ ያለውን ፀጉር አሳድጎ በራው ላይ ወደ ማዶ አሻግሮ አስተኝቶታል። ቀኑ ሞቃት ስለነበር ክፍሉ ውስጥ ቬንትሌተር ተከፍቷል። ቬንትሌተሩ ዞሮ ወደ እሱ በመጣ ቁጥር የልጁ እጅ ወደ አናቱ ይሄዳል። የተጠየቀው የባንክ ሒሳብ እንዴት እንደሚታረቅ፣ ማለትም የድርጅቱ መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር እንዴት እንደሚመሳከር ነበር፤ ያውቀዋል፣ አጀማመሩም ጥሩ ነበር። መሃል ላይ ግን ነፋሱ ይመጣና ወሬው ይቆረጣል፣ ነፋሱ ሲያልፍ ይቀጥላል። ከአጠገቤ የነበሩት ሰውዬ መልሱን ትተው እጁን ማየት ጀመሩ። ልጁ ሲወጣ «ይሄ ልጅ በራሱ አይተማመንም» ተባለና ነጥቡም እንደዚያው ወረደ። ስለ ፀጉሩ ማንም ትንፍሽ አላለም፤ ምናልባት ምን እንዳዩ እንኳ ልብ አላሉትም።

ፈረንጆቹም ይህን ነገር አጥንተውታል። አልበርት ማንስ የሚባል በአሜሪካ የፔንስልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ዋርተን ትምህርት ቤት ተመራማሪ በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ የአንድን ወንድ ፎቶ አንዴ ከነፀጉሩ፣ አንዴ ደግሞ በኮምፒውተር ፀጉሩን አጥፍቶ ለሰዎች አሳየ። ተላጭቶ የታየው ይበልጥ አዛዥ፣ በቁመትም ትንሽ ረዘም ያለ፣ በጉልበትም ጠንከር ያለ ተብሎ ተገመተ። መልኩ ላይ ግን ትንሽ ቀነሱበት፣ ዕድሜም ጨመሩለት። ከሁሉም ዝቅ ብሎ የታየው ፀጉሩ የሳሳው ነው፤ አንተ አሁን ያለህበት ማለት ነው። የአሜሪካኖች ዓይን ነውና እንዳለ አምጥተን እዚህ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ላይ አንተክለውም፤ እኔ ካየሁት ጋር ግን ይገጥማል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በል፦ አዛዥ መምሰል ለጥበቃ ኃላፊ ጥሩ ነው፣ ገንዘብ ከፋይ ሆኖ መስኮት ላይ ለሚቀመጥ ሰው ግን ብዙም አይጠቅምም። የተላጨ ሰው ኮስተር ካለ ከሌላው ይልቅ ኮስታራ ይመስላል። ስትገባ ፈገግ በል፤ ሰላምታህም ሞቅ ይበል።

እናትህን አትቀየማቸው። በእሳቸው ዘመን የተላጨ ወንድ ያዩት ወይ ወህኒ፣ ወይ ለቅሶ ቤት፣ ወይ ከሕመም አልጋ የተነሣ ነው። ጎፈሬ የሙሉ ወንድ ወግ በነበረበት አገር ያደገ ሰው ልጁ በገዛ እጁ ሲመለጥ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ያለኸው ግን ጅማ ነው። እዚህ ከተማ የተላጨ ራስ ሌላም ትርጉም አለው። ሐጅና ዑምራ የሚፈጽም ወንድ ሥርዓቱን ሲጨርስ ፀጉሩን ይላጫል ወይም ያሳጥራል፤ ከሐጅ መልስ ሰሞን መርካቶ ብትወጣ የሚያብረቀርቅ ራስ ሞልቶ ታያለህ፣ ሁሉም በክብር ሰላም ይባላል። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ግን አዲስ የተላጨሁ ሰሞን «አላህ ይቀበልህ» የሚሉኝ አሉ። አሚን ብዬ አልፋለሁ፣ ምን ይደረጋል!

አሁን ወደ ሥራው። የመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ በቃለ መጠይቁ ዋዜማ እንዳትላጭ። ከፀሐይ ተሸሽጎ የኖረው የራስህ ቆዳ ከፊትህ ይነጣል፤ ግንባርህ ላይ መስመር የተሰመረ ይመስላል። ያ እስኪመሳሰል አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ቆዳውም ምላጭ ስላልለመደ በተለይ ማጅራትህ ላይ ሽፍ ይልብሃል፤ ፀጉሩ ከርዳዳ የሆነ ሰው ላይ ይብሳል፣ የተቆረጠው ጫፍ ተመልሶ ወደ ቆዳው ስለሚገባ ነው። ስለዚህ አሁኑኑ ጀምር። መጀመሪያ በማሽን ዜሮ አስደርገው፣ ቆዳህ ሲለምድ ወደ ምላጭ ትሄዳለህ፣ ባትሄድም ችግር የለውም። ከዚያ ከቃለ መጠይቁ ሁለት ሦስት ቀን በፊት አስተካክለው። ፀጉር ቤት ስትገባ ምላጩ ዓይንህ እያየ ከወረቀቱ ይውጣ፤ ማሽኑም በአልኮል ይጠረግ። ይሄን ስትጠይቅ ፊቱን የሚያጠቁርብህ ፀጉር አስተካካይ ካለ ተነሥተህ ውጣ።

ፂምህን አትርሳው። ራስ ሲላጭ የሰው ዓይን ማረፊያ ያጣና ወደ ታች ይወርዳል፤ ፂም፣ ኮሌታ፣ ጫማ። ከላይ ባዶ ከታች ጫካ ሆኖ የመጣ ሰው ያልታጠበ ነው የሚመስለው። የሸሚዝህ ኮሌታ አንገትህ ላይ የሚሰፋ ከሆነ አስጠብበው። ጫማውማ የጅማን ጭቃ ታውቀዋለህ፤ ሊስትሮ ጋ የምትቀመጠው ባጃጅ ከመሳፈርህ በፊት ሳይሆን ወርደህ፣ በሩ አጠገብ ስትደርስ ይሁን።

ኮፍያ አድርገህ አትሂድ። ባንክ በር ላይ ጥበቃው ያስወልቅሃል፤ አዲስ የተላጨ ሰው ደግሞ በሰው ፊት ኮፍያ ሲያወልቅ መሽኮርመሙ አይቀርም። ከቤትህ ራስህን ገልጠህ ውጣ፣ እዚያ እስክትደርስ ይለቅሃል። ፀሐይ የሚያሳስብህ ከሆነ ሰንስክሪን አለ፤ ራስ ላይ ሲቀቡት ግን ያብለጨልጫልና በጨርቅ ጠረግ አድርገው።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የፎቶ ነገር ነው። ሲቪህ ላይ የለጠፍከው ጉርድ ፎቶ የተመረቅህ ዕለት የተነሣኸው፣ ከነጎፈሬህ ያለው ነው፣ አይደል? መታወቂያህም እንደዚሁ። የጽሑፍ ፈተና ላይ መታወቂያ የሚያየው ሰው ሥራው ሌላ ሰው ተተክቶ እንዳይፈተን መጠበቅ ነውና፣ ደጋግሞ ያይሃል፣ አንዳንዴም ዳር አስቁሞ ሌላ ሰው ይጠራል። ከፈተና በፊት አሥር ደቂቃ እንዲህ መንቀጥቀጥ ምን ያደርግልሃል? አዲስ ጉርድ ፎቶ ተነሣ፣ ሲቪው ላይ ቀይረው። የቀበሌ መታወቂያህ ላይ ያለው ጭራሽ የማይመስልህ ከሆነ ሌላ ፎቶ ያለበት ማስረጃ ጨምረህ ያዝ።

ሕጉን የጠየቀ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 14 አሠሪ በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በኤችአይቪ፣ በአካል ጉዳት ወይም በሌላ ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። ፀጉር የሚል ቃል የለበትም። «በሌላ ምክንያት» የምትለዋን ይዞ መከራከር ይቻል ይሆናል፤ ግን «ስለተላጨህ አልቀጠርንህም» ብሎ ጽፎ የሚሰጥህ የለም፣ ስለዚህ እዚያ ላይ ብዙ አትድከም። እንግሊዝ አገር በ2022 እ.ኤ.አ. ሼፊልድ የተቀመጠ የሥራ ክርክር ችሎት፣ አንድን ሠራተኛ በራነቱን እያነሡ መስደብ ከፆታ ጋር የተያያዘ ትንኮሳ ነው ብሎ ፈርዷል፤ በራነት በብዛት የሚያጠቃው ወንድን ነው በሚል። እኛ ጋ እንኳን ክስ ሊመሠረት፣ የሙከራ ጊዜህ 60 የሥራ ቀን ሳይሞላ «መላጣው» የሚል ስም ወጥቶልህ አንተም «አቤት» ማለት ትጀምራለህ።

ለእህታችን። ለሴት ነገሩ ሌላ ነው፤ ሸፋፍኜ አልነግርሽም። የተላጨች ሴት ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሐዘን፣ ቀጥሎ ሕመም፣ ቀጥሎ ምንኩስና ነው። ሂጃብ ለምትለብስ ወይም ሻሽ ለምታስር ጥያቄው ላይነሣ ይችላል። አንዲት ልጅ ግን ጥቁር ለብሳ፣ ጥቁር ሻሽ አስራ ቀርባ፣ ስትቀመጥ ሻሹ ሸርተት አለና የተላጨው ራሷ ታየ። ከመሃከላችን ትልቁ ሰው «ልጄ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?» አሏት። «እናቴ» አለች። ከዚያ ክፍሉ ለቅሶ ቤት ሆነ። ነፍስ ይማር ተባለ፣ እግዜር ያጥናሽ ተባለ፣ አንዱ የራሱን እናት ሞት አነሣ፣ ልጅቷ አለቀሰች፣ ውኃ መጣ። ከዚያ በኋላ የቀረበላት ጥያቄ ሁሉ ለስለስ ያለ ነበር፤ ሐዘንተኛ ማን ያስጨንቃል? የነጥብ መስጫው ወረቀት ላይ ግን «ችግር የመፍታት ችሎታ» የሚል ዓምድ አለ፤ የሚሞላው በሰማነው መልስ ነው፣ ያልተጠየቀችውን ደግሞ አልመለሰችም። ሁሉም መሃል መሃሉን ሰጣት። ፊት ያልራራንላት ሌላዋ ተወዳዳሪ በለጠቻት። ጨካኞች ብንሆን ኖሮ ትቀጠር ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሐዘን ላይ ከሆንሽ ስለዚህ ሳይጠይቁሽ አንቺው ቅደሚ፣ ባንድ ትንፋሽ፦ «እናቴ አርፋ ነው፣ አርባዋ ወጥቷል፣ ለሥራው ዝግጁ ነኝ።» ብለሽ ስለ ሥራው ቀጥዪ። ድምፅሽ ከቀጠለ እነሱም ይቀጥላሉ። ሕመም ከሆነ የመናገር ግዴታ የለብሽም፤ ዊግ ካደረግሽም ቀደም ብለሽ ለምጂው፣ አዲስ ዊግ ስለሚያሳክክ ያው የቬንትሌተሩ ልጅ ነው የምትሆኚው። በምርጫሽ፣ አምሮብሽ የተላጨሽ ከሆነ ጅማ ውስጥ ትጠየቂያለሽ፤ «እንዲህ ደስ ስለሚለኝ ነው» ብለሽ ፈገግ ማለት ይበቃል። ወልደሽ ሦስት ወር ገደማ ሲሆን እፍኝ እፍኙን የሚረግፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይመለሳል፤ በድንጋጤ አትላጪው።

ወንድሜ፣ ፀጉርህ የሚረግፈው ከፊትና ከአናት ሳይሆን ክብ ክብ እየሠራ ከሆነ፣ ወይም ቅርፊትና ማሳከክ ካለው፣ ፀጉር ቤት ሳትሄድ ሐኪም ጋ ሂድ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የቆዳ ክፍል አለ። የራስ ጭርት ከሆነ በቅባት ብቻ አይድንም፣ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል፤ በማሽን ወደ ሌላ ሰውም ይተላለፋል። ሚኖክሲዲል የሚባለውን የፀጉር ማብቀያ መድኃኒት ልሞክር ብለሃል፤ ለውጥ ለማየት ወራት ይፈጃል፣ ስታቆመው ያበቀለውን ይዞ ይሄዳል፤ ለዚህ ፈተና አይደርስልህም።

ከፀጉርህ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ኦሮምኛህ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ሲደርስ ከማና፣ ከሰቃ፣ ከደዶ፣ ከቀርሳ የሚመጣው ገበሬ የባንኩ ትልቁ ደንበኛ ነው። ጠያቂው መሃል ላይ በኦሮምኛ ያናግርህ ይሆናል፤ ሰላምታ ብቻ መልሰህ ወደ አማርኛ ከሸሸህ ነጥብህ እዚያ ላይ ይቀራል። ባለፈው ጽሑፍህ «እሰማለሁ ግን አልናገርም» ብለህ ነበር። በቀረህ ጊዜ ከጎረቤትህ ጋር ስለ ቁጠባ፣ ስለ ብድር፣ ስለ ሐዋላ በኦሮምኛ አውራ።

ምላጩን ዓይንህ እያየ ከወረቀቱ የሚያወጣ ጥሩ ላጭ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አውቃለሁ፤ እዚህ ላይ ስሙን መጥራት ማስታወቂያ እንዳይመስል በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። የፈተናውንም ቀን ጨምርበት፣ መቼ መላጨት እንዳለብህ ቆጥሬ እነግርሃለሁ።