የልጄ ቅማል ለምን ተመለሰ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ7 ዓመት ልጄ ራሷን ስታክ አይቼ ፀጉሯን ብገልጠው ቅማል አገኘሁ። ፐርሜትሪን የሚባለውን መድኃኒት ቀባኋትና ለሳምንት ያህል ተሻላት። አሁን ግን ማከኩ ተመልሷል፤ ፀጉሯ ላይ ነጫጭ ነገርም አያለሁ። የምትተኛው ከታናሽ እህቷ ጋር ነው። አፍሬ ለሰው መናገር አቅቶኛል። ልላጫት ይሆን?

መልስ፦ ኧረ አይላጯት! ፀጉሯን የሚያስቀጣ ጥፋት የለባትም። እርስዎም አይፈሩ። ቅማል ንጹሕ ፀጉር፣ ቆሻሻ ፀጉር ብሎ አይመርጥም። አይዘልም፣ አይበርም። ልጆች ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ሲጫወቱ እየዳኸ ይሻገራል። ልጅዎ ጓደኛ አላት ማለት ነው፣ በቃ።

ነጩ ነገር ምንድን ነው? ፎረፎር ከሆነ ሲነኩት ይራገፋል። ቅጫም ግን ፀጉሩ ላይ ሙጭጭ ይላል፤ በጥፍር ካልጎተቱት አይለቅም። ቅጫም ሁሉ ደግሞ ሕይወት የለውም። ከራስ ቆዳዋ ከግማሽ ሳንቲሜትር በላይ የራቀው አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ቅርፊት ነው። ማከኩም ቅማሉ ካለቀ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ እንደገና መድኃኒት ከመቀባትዎ በፊት የሚንቀሳቀስ ቅማል ይፈልጉ።

ደረቅ ፀጉር ገልጦ ማየት ያታልላል፤ ሰሊጥ የምታክል ነገር ከብርሃን ስትሸሽ ማን ያያታል? ፀጉሯን አርጥበው ኮንዲሽነር በደንብ ይቀቧት። ጥርሱ ጥቅጥቅ ባለ ማበጠሪያ ከሥሩ እስከ ጫፉ ይሳቡ። አንዴ በሳቡ ቁጥር ማበጠሪያውን ነጭ ሶፍት ላይ ይጥረጉት። ከጆሮዋ ጀርባና ከማጅራቷ ይጀምሩ፤ ቅማል እዚያ ይወዳል። ሶፍቱ ላይ እግሯን የምታወራጭ ቡናማ ነገር ካዩ ጥርጣሬው አበቃ።

ለምን ተመለሰ ላሉት፣ ግምቴ ሁለተኛው ዙር ቀርቷል የሚል ነው። ፐርሜትሪን ቅማሉን እንጂ እንቁላሉን አይጨርስም። የተረፈው በሳምንት ገደማ ይፈለፈላል። አዲሶቹ አድገው እንቁላል ሳይጥሉ በ9ኛው ቀን መድገም ያስፈልጋል። ለራስ ቅማል የተዘጋጀው 1 በመቶ ፐርሜትሪን ያለው ነው። በሻምፑ ታጥቦ በፎጣ የደረቀ፣ ኮንዲሽነር ያልነካው ፀጉር ላይ ይቀባል። 10 ደቂቃ ቆይቶ ይታጠባል። ከተቀባ ከ12 ሰዓት በኋላም ቅማሉ እንደ ድሮው ከተሯሯጠ መድኃኒቱን ለምዶት ይሆናል፤ ሐኪም ይቀይርልዎ እንጂ መጠኑን አይጨምሩ።

ሁለተኛው ጥርጣሬዬ ታናሽየዋ ነች። እሷንም በዚያው ቀን ያበጥሯት። ቅማል ከተገኘባት ሁለቱም አንድ ላይ ይታከሙ፤ አለዚያ እየተቀባበሉት ይከርማሉ።

ላምባ ቀቢ፣ የትኋን መድኃኒት ርጪ የሚልዎት አይጠፋም። በፍጹም እንዳይሞክሩት! ላምባ ቆዳ ያቃጥላል፣ እሳትም ይይዛል። ቤቱን መርጨትም አያስፈልግም፤ ከራስ የወረደ ቅማል ከ2 ቀን በላይ አይሰነብትም። አንሶላና የትራስ ልብስ በሙቅ ውሃ ይጠቡ።

ከማከክ ብዛት ራሷ ከቆሰለ፣ መግል ከያዘ ወይም አንገቷ ላይ ዕጢ ካበጠ ግን ለሐኪም ያሳዩዋት።